ሬዚን ሞዴል ቀለም ከመቀባቱ በፊት እንዴት ይታሻል?

ከሬዚን፣ ማለትም ፈሳሽ ሆኖ ፈስሶ ከሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር የተሠራ የመኪና፣ የአውሮፕላን ወይም የሰው ትንሽ ሞዴል ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ያለቀለት ይመስላል። ቅርጹ ጥርት ያለ ነው። በጣት ሲነኩት ልስልስ ይላል። ብዙ ሰው ታዲያ ወዲያው ብሩሽ ያነሳል። ቀለሙ ሲደርቅ ጉዱ ይወጣል። በመኪናው ጣሪያ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሰመረ መስመር ይታያል። በፈረሱ አንገት ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀዳዳዎች ብቅ ይላሉ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ቀለሙ ጭራሽ አልያዝ ብሎ ይሸሻል።

ቀለም ያልተቀባ ሬዚን ዓይንን ያታልላል። አብዛኛው ክሬም ወይም ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው፤ ብርሃንም ገጹ ላይ ከመመለሱ በፊት ትንሽ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ስለዚህ ትንንሽ እብጠቶችና ጉድጓዶች ጥላ አይሠሩም፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ ዓይን አያያቸውም። ቀለም ሲቀባ ግን ገጹ ብርሃን የማያሳልፍና አንድ ወጥ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት የተደበቀው ሁሉ ይጋለጣል።

«ቀለሙ ይሸፍነዋል» የሚለው ተስፋም አያዋጣም። የሚረጭ ቀለም አንድ ንብርብር ውፍረቱ የሚለካው በማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ጣት የማይሰማው ጉብታ እንኳ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንደሚያንስም አስቡ። 0.2 ሚሊሜትር ከፍታ ያለው መስመር በ1፡72 ሞዴል ላይ በእውነተኛው አውሮፕላን 14 ሚሊሜትር የሚያህል ጉብታ ማለት ነው። በ1፡35 ታንክ ላይ ደግሞ 7 ሚሊሜትር ይሆናል። እንዲህ ያለ ጉብታ ያለው የአውሮፕላን ክንፍ ማን ያምናል?

ጉድለቶቹ ከየት እንደሚመጡ ማወቅ ሥራውን በግማሽ ያቀላል። ሬዚን የሚሠራው ሁለት ፈሳሾችን በመቀላቀል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፖሊዩሪቴን የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ድብልቁ ከሲሊኮን ጎማ በተሠራ ሞልድ (የቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ይፈስሳል፤ ከዚያ በኬሚካዊ ለውጥ በራሱ ይጠነክራል። ሞልዱ ሁለት ግማሽ ከሆነ፣ ግማሾቹ በሚገናኙበት መስመር ላይ ስስ ትርፍ ይቀራል። ሬዚኑ የፈሰሰበት ቀዳዳ ደግሞ ወፍራም ጉማጅ ትቶ ይሄዳል። ሲቀላቀል የገባ አየር ወደ ላይ ይወጣና ማምለጫ ሲያጣ እዚያው አረፋ ሆኖ ይደርቃል። ስለዚህ ቀዳዳ ስትፈልጉ ሞልዱ ውስጥ ወደ ላይ ዞሮ በነበረው ጎን ጀምሩ። በአብዛኛው የሚሰበሰቡት እዚያ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በዓይን አይታይም። ሞዴሉ ከሞልዱ በቀላሉ እንዲላቀቅ ማላቀቂያ ቅባት ይረጫል። ብዙ ጊዜ ሲሊኮን ወይም ሰም ያለበት ነው። ቀለም ከዚህ ቅባት ጋር አይስማማም። ሲነካው ይሸሻል፤ ክብ ክብ ባዶ ቦታ ትቶ ዙሪያው ላይ ይከማቻል። ቢይዝ እንኳ በኋላ ፕላስተር ተለጥፎበት ሲነሳ ቀለሙ አብሮ ይላጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማጠብ ነው። ቅደም ተከተሉ ቀልድ አይደለም። ሳይታጠብ የታሸ ሞዴል ላይ የሚያሸው የብርጭቆ ወረቀት ቅባቱን ይዞ ይዞራል፤ በሠራው ጭረት ውስጥም ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ ማስለቀቁ ሌላ ጣጣ ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ጥጋጥጉን በደንብ ፈትጉ። በብዙ ውሃ አለቅልቁና በራሱ ይድረቅ። ቅባቱ ግትር ከሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጨርቅ ነክሮ መጥረግ ይረዳል። ትንንሽ ክፍሎችን በወንፊት ውስጥ እጠቡ፤ አለበለዚያ የአውሮፕላኑ ጎማ ከውሃው ጋር ወደ ቱቦው ይሄዳል።

ወደ ወረቀቱ ከመሄዳችን በፊት ስለ አቧራው። የጠነከረ ሬዚን በእጅ ቢያዝ ችግር የለውም። ሲታሽ የሚወጣው ብናኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በጣም ደቃቅ በመሆኑ አየር ላይ ይቆያል፣ ሳንባ ውስጥም ጠልቆ ይገባል። ኤፍኤፍፒ2 ወይም ኤን95 ማስክ አድርጉ፤ ስስ የጨርቅ ማስክ ለዚህ አይሆንም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በውሃ አርጥባችሁ እሹ። ውሃው ብናኙን ገና ሳይነሳ ይይዘዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። በውሃ ስታሹ የሚወጣው ወተት መሳይ ዝቃጭ ጠረጴዛው ላይ ከደረቀ ተመልሶ አቧራ ነው። ሳይደርቅ በርጥብ ሶፍት ጥረጉትና ወደ ቆሻሻ መጣያ ጣሉት። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሻይ አትጠጡ።

በ3ዲ ፕሪንተር የታተመ ሬዚን ካላችሁ አንድ ቅድመ ሁኔታ ይጨመራል። እሱ ሌላ ዓይነት ነው፤ በብርሃን ነው የሚጠነክረው። በደንብ ታጥቦ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሙሉ በሙሉ ካልጠነከረ ቆዳ ላይ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። እንዲያ ያለውን በባዶ እጅ አትንኩ፤ የሚያጣብቅ ገጽ ያለውን ደግሞ ፈጽሞ አታሹ። ከጠነከረ በኋላ ግን ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእሱም ይሠራል።

መቁረጡ ብዙ የሚያስወራ ነገር የለውም። ወፍራሙን ጉማጅ ጥርሱ ደቃቅ በሆነ መጋዝ ቁረጡ። ከሞዴሉ ገጽ አንድ ሚሊሜትር ያህል ራቁ፤ የቀረው በወረቀት ይወርዳል። ሬዚን ከተራ ፕላስቲክ ይልቅ ተሰባሪ ነው፤ በመቁረጫ ፒንሳ ቆርጠን እንጣል ካላችሁ ከሞዴሉ ቁራሽ ገምጦ ሊወስድ ይችላል። የተጣመመ ክፍል ካለ፣ ለምሳሌ የመድፍ አፈሙዝ ወይም ሰይፍ፣ የምታቃኑትም አሁን ነው። በጣም ሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት አቆዩት። ሲለሰልስ አቃኑትና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት። በዚያው ቅርጹ ይጸናል። ከታሸ በኋላ ማቃናት ግን አጉል ድካም ነው፤ የተስተካከለው ገጽ እንደገና ይዛባል።

የሞልዱ ግማሾች የተገናኙበትን የስፌት መስመር ደግሞ ወዲያው በወረቀት አትሂዱበት። መጀመሪያ በምላጭ ይፋቅ። ስለቱን ከገጹ ጋር ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና ወደ ራሳችሁ በቀስታ ጎትቱት። መቁረጥ የለም፤ መፋቅ ብቻ። እንደ አቧራ የደቀቀ ፍቅፋቂ ይወጣል። ጉብታው ሲጠፋ ቁሙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ማሸት ገጹን የሚያለሰልስ ይመስለናል። ወረቀቱ ግን የሚሠራው ጭረት ነው። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ስለታም ቅንጣቶች አሉ፤ ሥራቸው መቧጨር ብቻ ነው። ልስላሴ የምንለው ጭረቱ ዓይን ከሚያየው በታች ሲያንስ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ወረቀት ተግባር አንድ ነው፦ ከሱ በፊት የነበረው ወረቀት የተወውን ትልቅ ጭረት አጥፍቶ በራሱ ትንሽ ጭረት መተካት። ይህን ከያዛችሁ የቀረው እዳው ገብስ ነው።

በወረቀቱ ጀርባ የተጻፈው ቁጥር ሲጨምር ቅንጣቱ ይደቅቃል። ፒ (P) የሚል ፊደል ያለበት የአውሮፓ መለኪያ ነው። በዚህ መለኪያ የፒ240 ቅንጣት በአማካይ 58 ማይክሮን ገደማ ነው። ፒ400 35 ማይክሮን፣ ፒ800 22 ገደማ፣ ፒ1200 ደግሞ 15 ገደማ ነው። ፒ የሌለበት ቁጥር ብዙ ጊዜ የአሜሪካ መለኪያ ነው፤ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሻካራዎቹ ላይ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ወደ ደቃቆቹ ስትሄዱ ግን ይለያያሉ፦ የአሜሪካው 400 ለፒ800 ይቀርባል፣ የአሜሪካው 600 ደግሞ ለፒ1200። አንዱን ከአንዱ ቀላቅላችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ደቀቀ ብላችሁ ያነሳችሁት ወረቀት ከፊተኛው የባሰ ሻካራ ሊሆን ይችላል። ጀርባውን እዩ።

ለአብዛኛው ሬዚን ሞዴል በፒ320 ወይም በፒ400 መጀመር ይበቃል። ከዚያ ፒ600፣ ከዚያ ፒ800። ከፒ240 በታች የምትወርዱት የጉማጁን ቅሪት ለመጨረስ ብቻ ነው። ደረጃ መዝለል ያጓጓል፤ ከፒ240 ቀጥታ ወደ ፒ1000 ብትዘሉ ግን ደቃቁ ወረቀት የትልቁን ጭረት ጫፍ ብቻ አለስልሶ ሥሩን ይተወዋል። በእጅ ሲዳሰስ ለስላሳ ነው። ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚረጨው መነሻ ቀለም) ሲረጭ ግን ጭረቱ እንዳለ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

አንዱ ወረቀት ሥራውን መጨረሱ በምን ይታወቃል? አቅጣጫ በመቀየር። በፒ400 ግራና ቀኝ ካሻችሁ፣ በፒ600 ወደ ላይና ወደ ታች እሹ። የፊተኛው ጭረት መስመሮች ከአዲሶቹ ጋር ስለሚጣረሱ በግልጽ ይታያሉ። የመጨረሻው አግድም መስመር ሲጠፋ ወደሚቀጥለው ወረቀት እለፉ። ከዚያ በፊት አይደለም፤ ከዚያ በኋላም በዚያው ወረቀት መቀጠል ሞዴሉን ማሳነስ ነው። ብርሃኑን ከጎን አድርጉት። መብራት ከላይ ሲመጣ ጭረት ይደበቃል። የእጅ ስልክ ባትሪ ከገጹ ጋር ጎን ለጎን ዝቅ አድርጋችሁ ብታበሩ እያንዳንዱ መስመር ጥላ ይሠራል።

ወረቀቱ ውሃ የሚችል ዓይነት ይሁን። ብዙ ጊዜ ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ሲሆን ቅንጣቱ ሲሊኮን ካርባይድ ነው። ውሃው አቧራ ከመያዝ ሌላም ጥቅም አለው። ሬዚን በደረቁ ሲታሽ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ በወረቀቱ ቅንጣቶች መሃልም ይጣበቃል። የተደፈነ ወረቀት አይቆርጥም። ሰው ያን ጊዜ ይበልጥ ይጫናል፤ መዘዙም ከዚያ ይጀምራል፤ ተጣብቆ የጠነከረው ፍርፋሪ በገጹ ላይ ጥልቅ ጭረት ያወጣል። ውሃው ውስጥ አንድ ጠብታ ሳሙና ጨምሩ፣ ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ አለቅልቁ፣ አትጫኑ። ወረቀቱ በራሱ ይቆርጣል።

ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ነገርም የወረቀቱን ያህል ወሳኝ ነው። ጣት ለስላሳና ክብ ነው። በጣት ብቻ የታሸ ጠፍጣፋ ገጽ ጣቱ ባለፈበት ጎድጎድ ይላል፣ ጠርዙም ይሟሟል። ማት (የማያንጸባርቅ) ቀለም ይህን ይደብቃል፤ አንጸባራቂ ቀለም ግን እንደተጣመመ መስታወት ያሳጣችኋል። ስለዚህ ለጠፍጣፋ ገጽ ጠንካራ ነገር ያስፈልጋል። ትንሽ የእንጨት ቁራጭ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ላይ ወረቀቱን አጣብቁ። ክፍሉ ራሱ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ነገሩን ገልብጡት፦ ወረቀቱን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ዘርጉ፣ ጥቂት ውሃ አፍስሱበት፣ ክፍሉን ይዛችሁ በክብ እንቅስቃሴ እሹት። ሁልጊዜ አንድ አያያዝ ብቻ ከያዛችሁ አንዱ ጎን ይበላል፤ በየጥቂቱ ክፍሉን በሩብ ዙር አዙሩ።

ለጎባጣ ገጽ ተቃራኒው ነው። የፈረስ ጀርባ ወይም የሰው ምስል ጭን በጠንካራ ነገር ከታሸ ጠፍጣፋ ፊቶች ይወጡበታል። ስፖንጅ ላይ የተሠራ የብርጭቆ ወረቀት ተጠቀሙ። ወይም ቁራጭ ወረቀት ለጥቂት ጊዜ ውሃ ውስጥ ንከሩና ሲለሰልስ በገጹ ዙሪያ ጠቅልላችሁ ወዲያና ወዲህ ጎትቱት። በልብስ እጥፋቶች ውስጥ ግን ወረቀት አይገባም። ቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ትንሽ ቁራጭ ወረቀት በሱፐር ግሉ አጣብቁ። ጫፉ ሲያልቅ ቆርጣችሁ ቀጥሉ። እኔ ከሚሸጡት ልዩ ልዩ መሣሪያዎች ሁሉ ይችን እመርጣለሁ።

ምስማር፣ መቀርቀሪያና የፓነል መስመር (የቆርቆሮዎች መጋጠሚያ) ባለበት አካባቢ ደግሞ መታገስ ነው። የስፌቱ መስመር በእነሱ መሃል ካለፈ፣ ዙሪያቸውን ማስኪንግ ቴፕ በሚባለው የወረቀት ፕላስተር ሸፍናችሁ መሃሉን ብቻ እሹ። ለፊት ገጽታ፣ ማለትም ለዓይንና ለከንፈር፣ ወረቀት ባታስጠጉ ይሻላል። አርቲስቱ የቀረጸውን ዝርዝር ከማጥፋት ትንሽ ጉድለት መተው የተሻለ ነው። ይህን የማይቀበል ሰው አለ። እኔ ግን የጠፋ ቅንድብ መልሶ ሲቀረጽ አይቼ አላውቅም።

ማሸት ሲጀመር የተደበቁ አረፋዎች ይከፈታሉ። ከገጹ በታች በስስ ቆዳ ተሸፍነው የነበሩ ናቸው። ደህና የሚመስለውን አካባቢ በመርፌ ጫፍ ጫን ጫን አድርጉ፤ ስስ ከሆነ አሁኑኑ ይቀዳደድ። ቀለም ከተቀባ በኋላ ከሚፈርጥ ይሻላል። ጠባቧን ቀዳዳ በመርፌ ወይም በትንሽ መሰርሰሪያ አስፉ፤ መሙያው የሚይዝበት ቦታ ያገኛል።

በምን ይሞላ? ለትንንሾቹ ሱፐር ግሉ ጥሩ ነው፤ አይኮማተርም፣ ቶሎ ይደርቃል። አንድ ጠባይ ግን አለው፦ በቆየ ቁጥር ይጠነክራል፣ ከሬዚኑም ይበልጣል። ለነገ ካሳደራችሁት ወረቀቱ በዙሪያው ያለውን ለስላሳ ሬዚን እየበላ ሙሊቱን ጉብ አድርጎ ይተወዋል። እንደደረቀ፣ በዚያው ሰዓት እሹት። ቤኪንግ ሶዳ ከተነሰነሰበት ደግሞ ወዲያውኑ እንደ ድንጋይ ስለሚሆን ጊዜ አትስጡት። ለትልልቅ ክፍተት ሁለት ነገር ተደባልቆ የሚሠራ የኤፖክሲ ስቱኮ ይሻላል። ሳይደርቅ በርጥብ ጣት ልታለሰልሱት ስለምትችሉ የማሸቱን ድካም ይቀንሳል። ለተራ ፕላስቲክ ሞዴል የሚሆነው ሙጫ ግን ሬዚን ላይ ዋጋ የለውም። ያ ሙጫ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ነው የሚያያይዘው፤ ፖሊዩሪቴን አንዴ ከጠነከረ ደግሞ በሱ አይሟሟም።

ማሸቱ ሲያልቅ ሞዴሉ እንደገና ይታጠባል። ጭረቶቹና መስመሮቹ ውስጥ የተሰገሰገውን ዝቃጭ በብሩሽ አውጡት። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ከዚህ በኋላ ገጹን በጣት አትንኩ፤ የእጅ ወዝም ቅባት ነው። ጓንት አድርጉ ወይም እንጨት ላይ አጣብቃችሁ ያዙት።

ከዚያ ፕራይመር። ለቀለሙ መያዣ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን መርማሪ ነው። ግራጫው ምርጥ ነው፤ ጥላም ብርሃንም ይታይበታል። ስስ አድርጋችሁ፣ ሁለት ጊዜ እርጩ። በስፕሬይ የሚመጣ ከሆነ የአቧራ ማስክ የኬሚካሉን ትነት አያቆምም፤ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ሁኑ፣ ለትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው ማስክ ተጠቀሙ።

አሁን ሞዴሉን ከጎን በሚመጣ ብርሃን አዙራችሁ ተመልከቱ። ጉድለት ይገኛል፤ ተስፋ አትቁረጡ፣ ሁሌም ይገኛል። መሙላትና ማሸት የሚደገመው በዚያች ቦታ ብቻ ነው። ሙሉውን ሞዴል እንደገና መጀመር አያስፈልግም። ጠርዙ ላይ ፕራይመሩ ደረጃ እንዳይሠራ በፒ800 ወደ ዙሪያው እያሳሳችሁ እሹና ቦታውን ብቻ መልሳችሁ እርጩ።

አንጸባራቂ ቀለም የሚቀባ መኪና ከሆነ የመኪና ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ አለ። ፕራይመሩ ከደረቀ በኋላ ከሩቅ፣ በጣም ስስ አድርጋችሁ ጥቁር ቀለም ብናኝ እርጩበት። ገጹ ነጠብጣብ ብቻ ይሁን። ከዚያ ወረቀቱን ጠንካራ ነገር ላይ ይዛችሁ በውሃ እሹ። ከፍ ያለው ቦታ ጥቁሩ ቶሎ ይጠፋል፤ ጎድጓዳው ቦታ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ጣት የማያገኘውን፣ ዓይን የማያየውን ስርጉደት እንደ ካርታ ያሳያችኋል።

የት ይቆማል? ለማት ቀለም፣ ለወታደር ምስልና ለታንክ፣ ሬዚኑ ላይ ፒ600 ወይም ፒ800 በቂ ነው። ፕራይመሩ የዚያን ያህል ጭረት ይሞላል። ከዚያ በላይ ሬዚኑን እንደ መስታወት ማወልወል ጉዳት አለው፤ ፕራይመር የሚቆናጠጠው ደቃቅ ሸካራነት ላይ ነው። ለአንጸባራቂና በተለይ ለብረት መሳይ ቀለም ይበልጥ መደቀቅ ያስፈልጋል። ያን ጊዜም ፒ1500ና ፒ2000 የሚመጡት ፕራይመሩ ላይ ነው፤ ሬዚኑ ላይ አይደለም። ፕራይመሩ ታሽቶ ታች ያለው ሬዚን ብቅ ካለ ያችን ቦታ እንደገና ርጩ። ሬዚኑና ፕራይመሩ ቀለም የሚይዙበት መንገድ ስለሚለያይ ብረት መሳይ ቀለም ድንበራቸውን ያሳያል።

ቀለሙን ለመጀመር ፕራይመሩ መድረቁን በማሽተት ማወቅ ይቻላል። ሞዴሉን ወደ አፍንጫችሁ አስጠጉ። የቀለም ሽታ ካለው ትነቱ ገና አላለቀም፤ ለሌላ አንድ ቀን ካርቶን ድፉበትና ተዉት።